በእንጦጦ ጫካ ፏፏቴ ፍለጋ ከመውጣትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በእንጦጦ ጫካ ውስጥ የሚያገኙት ፏፏቴ አብዛኛው የክረምት ፏፏቴ ነው። ነሐሴ ላይ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማው ውኃ ጥር ላይ ሲሄዱበት በዓለቱ ገጽ የሚንጠባጠብ እርጥበት ብቻ ሆኖ ሊጠብቅዎ ይችላል። ጓደኛዎ በስልክ የላከልዎ ፎቶ መቼ እንደተነሣ አይናገርም። ስለዚህ ጓደኛ ጠርተው፣ ስንቅ ቋጥረው ከመነሣትዎ በፊት መጀመሪያ ወሩን ይጠይቁ፤ ቦታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ይህን የምጽፈው ሰው ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ጫካ እንዲፈራ አይደለም። ጉለሌ ውስጥ እየኖረ፣ ጠዋት ማታ ተራራውን ሽቅብ እያየ፣ ዕድሜውን ሙሉ አንድም ቀን በእግሩ ያልወጣበት ብዙ ሰው አለ፤ ያ ያሳዝነኛል። የሚወጣው ግን ጥቂት ነገር አውቆ ቢወጣ ተራራውን ደጋግሞ የሚወድ ይሆናል።

ውኃው እንዴት እንደሚመጣ ይወቁ

የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ተራራው ከ20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዓለት ነው፤ ውኃው ገደል ለገደል የሚወርደውም ዓለቱ ደረጃ ደረጃ እየሆነ ስለሚቆረጥ ነው። ጀርባው ደግሞ ውኃ የሚከፈልበት ነው። በደቡብ ፊቱ የዘነበው በቀበና፣ በቀጨኔና በቁርጡሜ ከተማዋን አቋርጦ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በሰሜን ፊቱ የዘነበው በሱሉልታ በኩል ወደ ሙገር ወርዶ ዓባይን ይቀላቀላል። ጫፉ ላይ የቆመ ሰው በግራና በቀኙ የሁለት ወንዞች መነሻ አለለት፤ አንዱ በረሃ ውስጥ ይቀራል፣ ሌላው ሜዲትራኒያን ይደርሳል።

ለተጓዥ ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር አጭር ነው። ወደ ጉለሌ የሚወርዱት ጅረቶች መነሻቸው እዚያው ከራስዎ በላይ ነው። ከሩቅ አገር ውኃ አሰባስቦ የሚመጣ ወንዝ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ቀስ ብሎም ይጎድላል። የእንጦጦ ጅረት ግን ጫፉ ላይ ዶፍ በወረደ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ደፍርሶና ድንጋይ እያንከባለለ ሊመጣ ይችላል። እርስዎ ሸለቆው ውስጥ ቆመው ሰማዩ ጥርት ያለ ሊመስልዎ ይችላል፤ ዝናቡ ያለው ከገደሉ በላይ ነው። ከፏፏቴው ሥር ቆመው ውኃው በድንገት ቀለሙን ከቀየረ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መውረድ ከጀመረ፣ ፎቶው ይቅርና ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታው ይውጡ። ጅረቱን ተከትለው ወደ ታች አይሩጡ።

ዛፉን ይዩ፤ ስለ መሬቱ ይነግርዎታል

ዳግማዊ አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከተማቸውን በእንጦጦ ባደረጉበት ዘመን ተራራው የጽድና የወይራ ምድር ነበር። ምኒልክ ዘውድ የጫኑትም በ1882 ዓ.ም. እዚያው በእንጦጦ ማርያም ነው። ከተማ ሲሠፍር ማገዶ ይበላል፣ ግንባታ እንጨት ይበላል፤ ተራራው ተራቆተ። ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍልውኃው አካባቢ ከወረደ በኋላም የእንጨቱ ችግር ስላልቀረ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ እስከመጀመር ተደርሶ ነበር። አዲስ አበባን በቦታዋ ያቆያት በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ፈጥኖ ይበቅላል፣ ቢቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። ዛሬ ከታች ሆነን «የእንጦጦ ጫካ» የምንለው ሰማያዊ አረንጓዴ ገጽታ አብዛኛው እሱ ነው።

ባሕር ዛፍ ላደረገልን አመስጋኝ ነኝ፤ ለእግረኛ ግን አስቸጋሪ ነው። ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እምብዛም አይበቅልም። የሚረግፈውን ቅጠልም ለማገዶ የሚጠርጉት አሉ፤ ስለዚህ መሬቱ ባዶውን ይቀራል። በባዶ መሬት ላይ የዘነበ ዝናብ ወደ ውስጥ ከመስረግ ይልቅ ወደ ታች ይሮጣል። አፈሩ ሲርስ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ሲደርቅ ደግሞ ያልተጠረገው ቅጠልና የተላጠው ቅርፊት ከእግር ሥር ይከዳል። በባሕር ዛፍ ተዳፋት ላይ ቁልቁል መውረድ ከመውጣቱ የከፋ ነው። ለመመለሻው ጉልበት ያስቀሩ የምልዎም ለዚህ ነው።

ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ አስታና አመጃ ያሉበት ቦታ ሲደርሱ ልዩነቱን በእግርዎ ያውቁታል። መሬቱ ለስለስ ይላል፣ ድንጋዩ ሽበት ይለብሳል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል። ዝናቡን ቅጠሉ ይቀበለዋል፣ ሥሩ ያሳድረዋል፤ ምንጩም ከክረምት በኋላ ቶሎ አይነጥፍም። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በእንጦጦ ላይ አገር በቀል ዛፍ እየተከለ ባሕር ዛፉን ለመተካት የደከመው አለምክንያት አይደለም። በዚያ በኩል የሚያልፉ ከሆነ ችግኝ አይርገጡ፤ የአንድ ጽድ ችግኝ ጫካ ለመሆን የእርስዎን ዕድሜ ሊጠይቅ ይችላል።

በየትኛው ወር?

አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ፏፏቴው በሙሉ ኃይሉ የሚታየው ያኔ ነው፤ መንገዱ እጅግ የሚከፋውም ያኔ ነው። ጭጋጉ በድንገት ወርዶ አምስት ሜትር ፊት ለፊት ያለውን ዛፍ ይደብቃል። መብረቅ ራቁቱን በቆመው የተራራ ጀርባ ላይ ይወድቃል። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ መምጣት ስለሚወድ ጠዋት ብራ ሆኖ መነሣት ዋስትና አይሆንም።

የኔን ምክር ከጠየቁኝ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለውን ጊዜ ይምረጡ። ዝናቡ እየራቀ ነው፣ ምድሩ ግን ጥጋቡን ገና አልጨረሰም፤ ጅረቱ ጠርቶ ይወርዳል። ሜዳው ላይ አደይ አበባ አለ። መንገዱ ጠዋት ረጥቦ ከረፋዱ በኋላ ይደርቃል። ኅዳር ላይ ውኃው ይቀጥናል፣ ሌሊቱም ውርጭ ይጀምራል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ለእግር ጉዞ ድንቅ ጊዜ ነው፤ ለፏፏቴ ግን አይደለም። የበልግ ዝናብ በጎ በሆነበት ዓመት መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ጅረቶቹ ለጥቂት ቀን ነፍስ ይዘራሉ፤ በዚህ ላይ ግን ቀጠሮ አይያዝም።

ይህ የእንጦጦ ብቻ ጠባይ አይደለም። ጢስ ዓባይን የሚያህል ስመ ጥር ፏፏቴ እንኳ በበጋ ሄደው ያዩት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ፤ ወንዙ ከመቅጠኑ በላይ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ውኃው ይጠለፋል። ባሕር ዳር ድረስ ከመሄድ በፊት ወር ካልተጠየቀ ጸጸቱ ያይላል። የጉለሌው ቢያንስ ቅርብ ነው፤ ዘንድሮ ቢያመልጥዎ ለከርሞ ይደርሳሉ።

ከማን ጋር?

ብቻዎን አይሂዱ። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

የእንጦጦ ጫካ ከዋናው መንገድና ከፓርኩ ክልል ወጣ ባለው በኩል ቅሚያ የሚያጋጥምበት መሆኑ ከድሮም የታወቀ ነው። አራት አምስት ሆኖ መሄድ፣ ከመካከሉም አካባቢውን የሚያውቅ ሰው መያዝ ይሻላል። ቅዳሜና እሑድ ሃይኪንግ የሚያወጡ ቡድኖች አሉ፤ ከእነሱ ጋር የሚወጡ ከሆነ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት መሪው መንገዱን በቅርቡ ሄዶበት እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ከኋላ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ ይጠይቁ። ስድሳ ሰው በአንድ መሪ ወደ ገደል ሸለቆ የሚወስድ ቡድን ዋጋው ቢረክስም አይመረጥም። በተራራ ላይ አደጋ የሚደርስበት ከኋላ የቀረው ነው፤ የኋላ ሰው የሌለው ቡድን ደግሞ ማን እንደቀረ የሚያውቀው ታች ወርዶ ሲቆጥር ነው።

ማለዳ መውጣት ለዚህም ይጠቅማል። ንጋት ላይ አትሌቶች በእንጦጦ ይሮጣሉ፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ጨምሮ ስንት ስመ ጥር ሯጭ ሳንባውን ያጠናከረው በዚህ ተራራ ነው። መንገዱ ላይ ሰው አለ። ከሰዓት በኋላ ግን ጫካው ጭር ይላል፤ ከ12 ሰዓት በኋላ የጅብ ነው። እስከ 10 ሰዓት ድረስ አስፋልት ላይ ወይም ሰፈር ውስጥ እንዲገኙ አድርገው ያስሉ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የጀመረ ሰው ይህን ሳይጣደፍ ያደርገዋል፤ 5 ሰዓት ላይ ከቤት የወጣ ግን ከመነሻው ዘግይቷል።

በመንገድዎ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ያገኛሉ። ከባድ ሸክም ይዞ ቁልቁል የሚወርድ ሰው እንደልቡ አይቆምም፤ ስለዚህ ቆመው መንገድ መልቀቅ የእርስዎ ድርሻ ነው። በተራራው ወገን ጠጋ ብለው ያሳልፏቸው፤ በገደሉ ወገን አይቁሙ። ሰላምታ ይስጡ፣ ሳይጠይቁ ፎቶ አያንሡ። «እማማ፣ ወደ ውኃው በየት በኩል ነው የሚሻለው?» ብለው በትሕትና ከጠየቁ ስልክዎ ላይ ካለው ካርታ የተሻለ መልስ ያገኛሉ፤ ትናንት የተናደውን መንገድ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ውኃው ጸበል ቢሆንስ?

በእንጦጦ ላይ ይህ ጥያቄ ከሌላ አገር ተራራ ይልቅ ይከብዳል። እንጦጦ ማርያም፣ ቅዱስ ራጉኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ሽንቁሩ ሚካኤል፤ ተራራው በአብያተ ክርስቲያናት የተከበበ ነው። ከዓለት የሚወርደው ውኃ በብዙ ቦታ ሕመምተኛ የሚጠመቅበት ጸበል ነው። ከሩቅ አገር መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ ወራት የሚቀመጡ ሕሙማን አሉ። እርስዎ ለመዝናናት የደረሱበት ውኃ ለእነሱ የመጨረሻ ተስፋቸው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሰው ተሰብስቦ ካዩ ቆም ብለው ይጠይቁ። ጸበል ከሆነ የዋና ልብስ፣ የስፒከር ሙዚቃ፣ የቡድን ፎቶ ለሌላ ቦታ ይቆዩ። የሚጠመቅን ሰው መቅረጽ ነውር ነው፤ ሕመሙን ለዓለም መበተን ነውና። የወንድና የሴት መጠመቂያ ብዙ ጊዜ ይለያያል፣ ጫማ ይወልቃል፣ በልቶ መግባት የማይፈቀድበትም አለ። እምነትዎ ሌላ ቢሆን ወይም ባይኖርዎም ደንቡ ያው ነው፤ በሰው ቤት ነዎት። በወር በ16 የኪዳነ ምሕረት፣ በ21 የማርያም፣ ከሁሉም በላይ በኅዳር ጽዮንና በመስከረም 1 የራጉኤል ዕለት ሽቅቡ በምእመን ይሞላል። በዓሉን ለማክበር ከሆነ ይሂዱ፤ ጸጥ ያለ ጫካ ፈልገው ከሆነ ሌላ ቀን ይምረጡ።

ውኃው ይጠጣል?

ሳይፈላ አይጠጣም፣ የቱንም ያህል ጠርቶ ቢያዩት። ከብት በላይ በኩል ይጠጣል፣ ልብስ ይታጠባል። የደጋ ምንጭ ደግሞ አልቅት አለው፤ ጎንበስ ብሎ በአፍ የጠጣ ሰው ጉሮሮው ላይ ሊጣበቅበት ይችላል። በነፍስ ወከፍ ሁለት ሊትር ያህል ከቤት ይያዙ። የወባ ሥጋት በዚህ ከፍታ ላይ የለም፤ ይህ አንዱ የደጋ በረከት ነው።

ለዋናም አይመችም። ከገደል ሥር ያለው ኩሬ ጥልቀቱ አይታይም፣ ከላይ ድንጋይ ይወርዳል፣ ውኃውም ብርዱ ጡንቻ ይጨብጣል።

ሰውነትዎ ዝግጁ ነው?

ሽሮ ሜዳ ላይ ከታክሲ ሲወርዱ ቀድሞውኑ ከ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነዎት። 3,000 ሜትር ላይ ሲደርሱ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሰው ሰባ ከመቶ ያህል ነው። እዚሁ የኖረ ሰው ብዙም አይሰማውም። ከድሬዳዋ፣ ከአዳማ ወይም ከውጭ አገር ትናንት ለገባ ግን ሌላ ነገር ነው። ከአሜሪካ ወይም ከአረብ አገር ለመጣ ዘመድ በደረሰ በማግስቱ እንጦጦ ማውጣት ደግነት አይደለም፤ ሁለት ሦስት ቀን ይረፍ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ከጀመረው ሻይ ማጠጣቱ ብቻ አይበቃም፣ ይውረድ።

የልብ ሕመም፣ አስም ወይም እርግዝና ካለ ሐኪምን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ልጆች ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ፏፏቴ ያለበትን ሸለቆ ትተው የተጠረገውን መንገድ ይምረጡ።

ምን ይያዝ?

ጥርስ ያለው ጫማ ከሁሉ ይቀድማል፤ ሶሉ ያለቀ ስኒከር በርጥብ ዓለት ላይ ማንንም አያቆምም። የዝናብ ልብስ፣ አንድ ደረቅ ሹራብ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ባርኔጣ፣ ቻርጅ የሞላ ስልክና ፓወር ባንክ፣ ፋሻና ፕላስተር፣ ባትሪ። ለስንቅ ቆሎና በሶ የሚያህል የለም፤ አይበላሽም፣ አይከብድም፣ ቆሻሻ አይተውም። ዱላ ይጠቅማል፤ ዛፍ ቆርጠው ግን አይሥሩት፣ ከቤት ይምጣ። ጌጣጌጥና ብዙ ብር ቤት ይቅር። የጠጡበትን ሃይላንድ መልሰው ይውረዱ። ጅረቱ ላይ የተጣለ ፕላስቲክ እዚያ አይቀርም፤ በቀጨኔና በቀበና አድርጎ ራስዎ የሚያልፉበት ድልድይ ሥር ይደርሳል።

በዕለቱ የማይኬድበት ምክንያት

ትናንት ማታ ከባድ ዝናብ ከጣለ፣ ዛሬም ከረፋዱ ጀምሮ ከጠቆረ፣ ይቅር። ከቡድኑ መንገድ የሚያውቀው ሰው ከቀረ፣ ይቅር። በአጥር ወይም በጥበቃ የተከለለ ክልል ካጋጠመዎ ጥበቃውን ያነጋግሩ፣ እምቢ ካለ ይመለሱ፤ አጥር ዘሎ መግባት ፏፏቴውን ቢያሳይዎም ችግር ሲመጣ የሚጠራ ሰው አያስገኝልዎም። በመንገድ ላይም ጅረቱን ለመሻገር ውኃው ከጉልበት በላይ ከሆነ መሻገሩን ይተው፤ የሚጎርፍ ውኃ ከጉልበት ሲያልፍ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። «እዚህ ድረስ መጥተን» የሚለው ቃል በተራራ ላይ ብዙ ሰው ጎድቷል።

ባይሆንልዎ የሚሄዱበት አለ

ከላይ ከጠየቅሁት ውስጥ ሁለቱ ካልተሟሉልዎ፣ ለምሳሌ ወሩ አልፎ ጓደኛም ከጠፋ፣ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን ይምረጡ። ይህን የምለው እንደ ማካካሻ አይደለም። ማዕከሉ በከተማው አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመ፣ 705 ሄክታር የሚሰፋ፣ ከጉለሌ እስከ ኮልፌ ቀራንዮ የሚዘልቅ የተራራ ጫካ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብን ካዘጋጁት ሊቃውንት አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው መርተውታል። የተጠረገ መንገድ አለው፣ ጥበቃ አለው፤ ተራራው ባሕር ዛፍ ሳይለብሰው በፊት ምን ይመስል እንደነበር ለማየት ለሚፈልግም በከተማዋ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክም ልጅና አዛውንት ይዞ ለሚወጣ ቤተሰብ ይመቻል፤ ግን ሰው ይበዛበታል፣ ጫካውን በጸጥታ ለሚሻ ቅዳሜና እሑድ አይሆንም።

ከመውጣትዎ በፊት ቤት ለሚቀር ሰው የምትሄዱበትን መንገድ፣ የቡድኑን ብዛትና የመመለሻ ሰዓታችሁን ይንገሩ፤ ከዚያ ሰዓት ሁለት ሰዓት ካለፈ እንዲደውል ይስማሙ። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል እርዳታ ለመጥራት ወደ ከፍታው መውጣት ያስፈልጋል። እነዚህን ቁጥሮች አሁኑኑ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ፦ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939።